ዝም ያለው ሞተር

ጭሮ መናኸሪያ ልሳፈርበት የነበረው ሚኒባስ ሞተሩ ሲያንኳኳ ሾፌሩ ካቻቢቴ ይዞ ወረደ። ድምፁ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ቦኬ መንገድ መለሰኝ።

አባቴ የሚጭነው ጫት ሳይጠወልግ እንዲደርስለት ብሎ፣ ናፍጣ በብዛት ሰጥቶ እንዲያፈጥነው የመኪናውን ፖምፓ አስከፍቶት ነበር። ያን ቀን ግን ወደ ጭሮ ሆስፒታል የጫነው ምጥ የጠናባትን እናቴን ነው። ዳገቱ ሥር ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። አባቴ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ።

"ናፍጣውን ብቀንሰው ዳገቱን ቶሎ አይወጣም፤ ብተወው ሞተሩ ይሰበራል። ምን ይሻለኛል?" አላት።

"ቀስ እያልክም ቢሆን አድርሰኝ" አለችው።

ቀነሰው። ማንኳኳቱ ቆመ። እየተንፏቀቅን ስንወጣ፣ ጭሮ ሳንደርስ የእናቴም ማቃሰት ቆመ። ሁለቱም የተሻላቸው መስሎኝ ለአባቴ አጨበጨብኩለት።

"ይኸው ዝም አለ፤ ግቢ" አለኝ የሚኒባሱ ሾፌር።

ሌላ ሚኒባስ ፍለጋ ዞርኩ።