ያልተቧጨሩት ሃያ አራት መፍቻዎች

ኮረብታዋ ስም አልነበራትም፤ በካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበረች። የድንበሩ ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ «የጥገና ጋንታው ጓዙን ጠቅልሎ ከኮረብታው ሥር ይስፈር» ይላል። ሰፈርን። ከላይ አንድ ሻምበል ጦር ምሽግ ይዟል። ከታች እኛ፣ አሥራ አንድ ሰዎች፣ ሁለት ድንኳንና የተበላሹ መኪኖች። ኮረብታዋ ላይ ጠብታ ውኃ የለም። ላይ ያለው ሰው የሚጠጣው እኛ የምናስነሣው አንድ ቦቴ ውኃ ጭኖ ሲወጣለት ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3፣ ጋራዤ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከአገር ቤት ጭነት ይዘው የሚመጡ ሾፌሮች ወታደር እንደነበርኩ ሲሰሙ ስለ ጀግንነት እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ። እኔ የማወራቸው ስለ መፍቻ ነው። ይስቃሉ። ይሳቁ።

ሁለት ዓይነት መፍቻ ነበረን። አንደኛው በጆንያ የመጣ ነው። ማን እንደገዛው አላውቅም፤ ባውቅም ስሙን በአፌ አልጠራውም። ላዩ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፣ ውስጡ ቅቤ ነው። ሁለት ቀን ከሠራህበት የላዩ ቅብ እንደ እከክ ይላላጣል። ጠንከር አድርገህ ስትስበው አፉ ይከፈታል። 17 ተብሎ የተጻፈበት ልኩ 17 አይደለም፣ የብሎን ዳዶ ላይ ሲገባ ይንቀጫቀጫል። ያ መንቀጫቀጥ እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ። የእሱን ዘመዶች እዚህም በየሱቁ በር ላይ ተንጠልጥለው ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።

ሁለተኛው በእንጨት ሣጥን የመጣ ነው። ሃያ አራት መፍቻ፣ እያንዳንዱ በልኩ በተቆፈረለት ቦታ ተኝቷል። ጥሩ መፍቻ ብዙ አያብለጨልጭም። ዳዶ ላይ ስታስገባው ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ወደ ራስህ ስትስበው ጉልበትህ ሳይባክን ዳዶው ጋ ይደርሳል። ያንን ሣጥን በንብረት ወጪ ቅጹ፣ በሞዴል 22፣ ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ፣ የጋንታው አሥር አለቃ። የጓጉንቸሩም መክፈቻ የተንጠለጠለው በእኔ አንገት ላይ ነበር።

የእኛ ሰው ጥሩ ዕቃ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ለእንግዳ ብሎ ያስቀምጠዋል። የሶፋው ላስቲክ አይገፈፍም፣ ደህናው ብርጭቆ ከቁም ሣጥን አይወጣም። እኔ ይህንኑ ጉድ ጦር ሜዳ ወሰድኩት። የእኔ እንግዳ የንብረት ፍተሻ ነበር። በየወሩ አንድ መኮንን ይመጣል፣ ሣጥኑን እከፍታለሁ፣ ይቆጥራል፣ «ጎበዝ» ብሎኝ ይሄዳል። በየሳምንቱ በጨርቅ እወለውላቸው ነበር። በቅቤው እየሠራን ብረቱን እናስቀምጣለን።

አንድ ቀን ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቦቴው አልነሣ አለ። ሾፌሩ ጀማል ይባላል፤ የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ታላቅ ወንድሙ ሙክታር እዚህ ካርቲየ 3 የብረታ ብረት ሱቅ አለው። ወደ ኮረብታዋ የሚወጣው መንገድ ለጠላት መድፍ ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ግን እስከ ሁለት ሰዓት ጭጋግ ይሸፍነዋል። ቦቴው በጭጋጉ ወጥቶ በጭጋጉ መመለስ አለበት። ላይ ያሉት ውኃ ካገኙ ሁለት ቀናቸው ነው። ሻምበሉ በሬዲዮ «ዛሬ ካልመጣ ሰው ይወድቅብኛል» አለ።

የናፍጣው መስመር አየር ስቧል። ፖምፓው ላይ ያለችውን የቧንቧ ዳዶ ማላላት፣ አየሩን ማስወጣት፣ መልሶ ማጥበቅ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ቧንቧው በዳዶው መሀል ስለሚያልፍ ክብ መፍቻ አይገባበትም፤ የሚያዘው በክፍት አፍ ብቻ ነው። የመፍቻው አፍ ጽኑ ካልሆነ አለቀልህ።

ወታደር ታረቀኝ የጆንያውን 17 አነሣ።

«አቦ፣ ሣጥኑን ክፈትለት» አለኝ ጀማል።

«ፍተሻው ነገ ነው» አልኩት። «በዚህም ይፈታል።»

አልተፈታም። ታረቀኝ ሳበ፤ አፉ ተከፈተ። ደግሞ ሳበ፤ ተንሸራተተና የጣቶቹ ቆዳ ተገሸለጠ። «ቱቦ ሰካበት» አልኩት። ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ። መፍቻው እምቢ ሲል ጭራው ላይ ቱቦ ሰክቶ መጎተት የማሰብ ስንፍና ነው፤ ዛሬ ጋራዤ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ባይ አባርረዋለሁ። ታረቀኝ ግን ታዛዥ ነው፣ ሰካበት። ጎተተ። ባለ ስድስት ማዕዘኗ ዳዶ ክብ ሆነች።

ጀማል ዳዶዋን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

ሣጥኑን የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደህናውን 17 አስገባሁት፤ የሚይዘው ማዕዘን የለም፣ ባዶውን ዞረ። የተላጠ ዳዶ በምንም ዓይነት መፍቻ አይመለስም። ጥሩው መፍቻ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ዳዶው ገና ጤነኛ ሳለ።

ሞረድ አመጣን። ስድስቱንም ፊት እየሞረድን ዳዶዋን ወደ 16 ማውረድ ጀመርን፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ ሞረዱ ከጣት በላይ አይንቀሳቀስም። አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ጭጋጉ ተነሣ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ በሣጥኑ 16 ያዝናት። ታረቀኝ በቆሰለው እጁ አንድ ጊዜ ሳበ። ተፈታች።

ቦቴው ተነሣ። ሬዲዮው እንደገና ጮኸ፤ ላይ ሁለት ሰው በጥም ራሱን ስቷል።

«ሲጨልም ውጣ» አልኩት ጀማልን።

«እስኪጨልም ምን ይጠጡ? ያንተን የመወልወያ ዘይት?» አለኝና በሩን ዘጋ።

መንገዱን ስናየው ቆየን። የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት አልፎት ወደቀ። ሁለተኛው አጠረ። ጀማል አላቆመም። ጫፍ ሊደርስ ሲል ሁለት ወታደሮች ጀሪካን ይዘው ወደ እሱ ሮጡ። ሦስተኛው ጥይት አልሳተም። ጭሱ ሲገለጥ ቦቴው በጎኑ ተኝቶ ነበር። ውኃው በመንገዱ እየወረደ ነው።

ማታ ላይ 16 ቁጥሩንና 17 ቁጥሩን ወልውዬ በየቦታቸው አስተኛኋቸው። ጀማል ገና አልተቀበረም። ይህን ሳስታውስ የራሴ እጅ ይቀፈኛል።

በማግሥቱ መኮንኑ ለፍተሻ መጣ። ሣጥኑን አስከፈተኝ። ቆጠረ፣ ሃያ አራት። ጥቂቶቹን አገላብጦ አየ። «አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተቧጨረም። ሁሉም እንዳንተ ንብረት ቢይዝ!» አለኝ። መዝገቡ ላይ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ጻፈ። ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ አስመለሰኝ።

ከሠራዊቱ ስሰናበት ሙክታርን ፍለጋ ወደዚህ መጣሁ። የመጣሁት እውነቱን ልነግረው ነበር። በሩ ላይ ቆሜ «የጀማል ጓደኛ ነኝ» ስለው አቅፎ አለቀሰ። ቤቱ አበላኝ፣ ይህንን ጋራዥ አፈላልጎ ያገኘልኝ እሱ ነው። ለሰው ሁሉ «ወንድሜን ጠላት ገደለው፤ ይኸው ምስክሩ» ይላል። እኔ አዎ በሚል አንገቴን እነቀንቃለሁ። ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ነቀነቅሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጠራኝ። ከመስተዋቱ ጀርባ አንድ የመፍቻ ሣጥን አወጣ፤ ደህና ብረት ነው፣ ሳየው አወቅሁ። «ስንት ሰው ሽጥልኝ ሲለኝ ለአንተ ያስቀመጥኩት ነው» አለኝ። «ያስቀመጥኩት» ሲለኝ ሣጥኑን ሳልነካ እጄን ሰበሰብኩ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት።

ስጨርስ፣ «ስንት ነበሩ አልከኝ?» አለ።

«ሃያ አራት፣ ጋሽ ሙክታር።»

«ከሃያ አራቱ አንዷን ለወንድሜ ነፈግከው።»

«አዎ።»

ሣጥኑን ይመልሰዋል ብዬ ነበር። ገፋ አድርጎ አስጠጋልኝ። «ውሰድ። ሥራበት። አልቀው፣ ተበልተው፣ የማይረቡ ሲሆኑ አምጣና አሳየኝ። እስከዚያ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ።»

በዚያች ኮረብታ መንገድ ላይ የሞቱት ሦስት ናቸው፤ ሾፌር ጀማል፣ ወታደር ደሳለኝ፣ ወታደር ገረመው። ሦስቱም በጠላት ተኩስ እንደተሰዉ ተመዝግቧል። የእኔ ስም ያለው በንብረት መዝገቡ ላይ ነው፣ ከምስጋና ጋር።

በሙክታር መፍቻዎች በየቀኑ እሠራለሁ። ጠቁረዋል፣ ተቧጭረዋል፣ የማይነኩት ዳዶ የለም። አፋቸው ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። የሱቁን በር ካየሁት አራት ዓመት ሆነኝ፤ ጥሩ መፍቻ ቶሎ አያልቅም።