አዳራሹ «አሜን» ያለበት ትእዛዝ

ጠዋት ከቅዳሴ ስወጣ ነው ጋሽ ወርቁ አረፈ ያሉኝ። ትናንት ከሰዓት ደውሎልኝ ስንሳሳቅ የነበረ ሰው? አላመንኩም። ስልኩ ላይ ደወልኩ። ሴት ልጁ አንስታ ስታለቅስ ነው ያመንኩት።

ለማታውቁት፣ እዚህ በምንኖርበት የሰው አገር፣ ጉዴሌ ሰፈር ትንሽ ሆቴል ነበረው፤ ልቡ ግን ቲያትር ላይ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከሱቄና ከቤተክርስቲያን ሌላ የማላውቀውን እኔን፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩትን ሰውዬ፣ ጎትቶ መድረክ ላይ ፕሬዚዳንት አደረገኝ። ድርሰቱ በጦርነት መሃል የኒውክሌር ቦምብ ልጣል አልጣል ብሎ ስለሚጨነቅ መሪ ነበር።

ልምምድ ላይ ፊቴን አጨፍግጌ ስጮህ ያስቆመኛል። «ጭራቅ አታድርግብኝ፤ ሰው አድርግልኝ» ይለኛል። ጭራቅ ከሆነማ ተመልካቹ «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ እፎይ ይላል፣ ባይ ነው።

ንያኩሮን አዳራሽ ያሳየንበትን ቀን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። በኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ድግስ ሁሉ የምመርቀው እኔ ነኝ። መድረክ ላይ «ጦርነቱን ያሳጥርልን፣ ልጆቻችንን በሰላም ይመልስልን» የሚለው ጋ ስደርስ እጆቼ በራሳቸው ተዘረጉ። አዳራሹም እንደለመደው «አሜን» አለ።

እኔም በዚያው የምርቃት ድምፅ «እንግዲህ ቦምቡ ይጣል» አልኩ።

«አሜን» አሉ።

አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁም መሃል ላይ ቀረ።

ስንወጣ ጎረቤታችን በር ላይ ጠበቀችን። የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ በስደት ኢትዮጵያ ነው ያደገችው። ወንድሞቿን ጦርነት በልቶባታል። በቀስታ፣ በአማርኛ፣ «እኛን ሊመቱ ሲነሱም እንዲህ ተመራርቀው ይሆን?» አለች።

ጋሽ ወርቁ አንገቱን ደፋ። እኔም ጥያቄዋን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ መርቅ ስባል እያመካኘሁ እሸሻለሁ። ሰዉን ስንት ነገር ላይ ሳላስተውል አሜን አሰኝቼ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ትናንት የደወለውም ለዚሁ ነበር። መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆይ እያለ ቀለደብኝ። ኋላ ግን፣ «ለምን እንደሆነ ካወቅክ እጅህን አንሳ። መፍራትህን ግን አትተው» አለኝ።

ጋሼ፣ ዛሬ ለቅሶህ ላይ ሽማግሌዎቹ መርቅ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እሺ አልኳቸው። እጄን ዘርግቼ ነፍስህን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን እላለሁ። መፍራቴንም አልተውኩም።

ደህና ሁን። ቀስ ብዬ ነው የምመርቅህ፤ ሰዉ ምን ላይ አሜን እንደሚል ሰምቶ እንዲል።