አደም አምጪ ያለኝ ጋዝ

ድሬዳዋ፣ የደቻቱ ወንዝ ድልድይ መሐል ላይ የልጄ መኪና ድምፅዋ ጠፋ።

"ሜሮን፣ ሞተሩ ሞተ! አውርጂኝ!" ብዬ የበሩን እጀታ ያዝኩ።

"እማዬ፣ የኤሌክትሪክ ናት እኮ! ከቤት ስንነሳም ድምፅ አልነበራትም። ያጠፋሁት ሬዲዮኑን ነው።"

እሷ ትስቃለች። መኪና ደቻቱ ላይ ዝም ሲል ምን እንደሚመጣ የማውቀው እኔ ነኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጎረቤታችን አደም በሯ በገመድ የሚታሰር አሮጌ ታክሲ ነበረችው። አንድ ቀን እናቴ ሽንኩርት ግዢ ብላ ልካኝ፣ ስመለስ ቀፊራ ገበያ ዳር አገኘኝና ጫነኝ። ገና ሳንርቅ ታክሲዋ ተንተፋትፋ ቆመች።

"አባዮ፣ እህቴ አይደለሽ? ሮጠሽ ጋዝ አምጪልኝ" ብሎ የዘይት ጀሪካን ሰጠኝ።

አደም ቤቱ ሶማሊኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ ነው የሚያወራው። በአማርኛ ግን የሚነድ ነገር ሁሉ፣ የታክሲው ቤንዚን ሳይቀር፣ ለሱ ጋዝ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ጋዝ አንድ ብቻ ነው፤ እናቴ ሽሮ የምታበስልበት፣ የቡታጋዙ ነጭ ጋዝ። ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ብሆንም ማንበብ አያቅተኝም ነበር፤ ግን ጀሪካን ላይ ማን ይጽፋል? ከሱቅ አስሞልቼ እየሮጥኩ አመጣሁለት። እሱም ጉንጩ በጫት ተወጥሮ፣ ከመንገደኛ ጋር እየተከራከረ፣ ሳያሸት ገለበጠው።

ትንሽ አንገራግራ ሄደች። ከዚያ ነጭ ጭስ ለቀቀችና ቀፊራ ከዓይናችን ጠፋ። ማንጎ ሻጮቹ በሻሻቸው አፍንጫቸውን ይዘው ረገሙን።

"አቦ፣ ይቺ ምን በልታ ነው?" አለ አደም።

ሽታውን አወቅሁት። የእናቴ ማድቤት ነው። ሽንኩርቴን አቅፌ ወደ ውጭ አየሁ።

ድልድዩ ይርቃል ብሎ በደረቀው የደቻቱ አሸዋ አቋረጠ። መሐል ላይ ስንደርስ ታክሲዋ ጸጥ አለች። ክረምት ነበር። ድሬ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ በደጋው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ደቻቱ እንዲህ ነው፤ የራሱን ዝናብ አይጠብቅም፣ የሰው ዝናብ ይዞ ይመጣል። ዳር የቆሙት "ውጡ! ውሃው መጣ!" ይሉናል።

"ሂጂ አንቺ። እኔ የልጆቼን እንጀራ ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?" አለ መሪውን አንቆ።

ይኼኔ እንባዬ መጣ። "አደም፣ ያመጣሁልህ የቡታጋዝ ነው።"

ትኩር ብሎ አየኝ። "ወላሂ፣ ታክሲዬን ወጥ ልታሠሪያት ነው!"

አንድ ባለ ጋሪ ጭሱን አይቶ እየሳቀ ከነጋሪው ወረደ፤ ታክሲዋን በገመድ ከጋሪው አሰረ። "የኔዋ የምታውቀው ሣር ብቻ ነው፤ እንዳታስለምዱብኝ!" እያለ ፈረሷን መታ። እኛም ከኋላ ገፋን። የኋላ ጎማዋ ዳር እንደወጣ ያ ቡናማ ውሃ እያጓራ ደረሰ። ወድቆ የቀረውን ሽንኩርቴን ጠራርጎ ወሰደው። አደም እስከ ሠርጌ ድረስ ስሜን አልጠራም፤ "እመት ቡታጋዝ" ነበር የሚለኝ።

ዛሬ ቤት ስንደርስ ሜሮን የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ጎትታ መኪናዋ ላይ ሰካች።

"መብራት ቢጠፋስ?" አልኳት።

"ሲመጣ ትሞላለች፣ እማዬ።"

ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን ለዚች መኪና ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ አለመኖሩ ነው፤ ተሳስቼ የማመጣላት ነገር የለም። ከመኪናዋ ወረድኩና መሬቱን በሁለት እግሬ ረገጥኩ። ደቻቱን ተሻግሬ ደህና ገባሁ።