መራቂ የሌለበት ገበያ

እዚህ ዶሃ «ባቃላ» ሲባል የሚበላው ባቄላ አይደለም፤ የሰፈር ሱቅ ነው። ይህን ሳያውቅ የመጣ ሐበሻ ጉድ ይፈላበታል። እኔ ራሴ የመጣሁ ሰሞን ማዳም ወደ ውጭ እየጠቆመች «ባቃላ፣ ባቃላ» ስትለኝ ጓዳ ገብቼ የእህል ጣሳውን ሁሉ ሳገላብጥ ቆየሁ። ይህን ለእትዬ ሸዋረጋ የነገርኳት ቀን ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

እትዬ ሸዋረጋ የሸዋ ሮቢት ሴት ናት። መዲናት ኸሊፋ በሚባለው ሰፈር እኔ ከምሠራበት ቤት ፊት ለፊት ባለው ቪላ ነው የምትሠራው። እኔ ዘምዘም ደግሞ የከሚሴ ልጅ ነኝ፤ አገር ቤት ብንሆን በአንድ መንገድ ላይ ያለን ጎረቤቶች ነን። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፤ በዕድሜም ታላቅ እህቴ ትሆናለች። ያገናኘን ሱቁ ነው። ምሳ ተበልቶ ማዳምና ልጆቹ ጋደም ሲሉ፣ ሸዋረጋ ዳቦና እርጎ ልትገዛ ብቻዋን እንድትወጣ ይፈቀድላት ነበር። ከቀኗ ውስጥ የራሷ የምትለው ያችኑ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እንቅልፏም፣ የምትበላበት ሰዓትም፣ የዕረፍት ቀን የሚባለው አርቧም የሰው ነው። ሰው ቤት ኖሮ ያላየ «ዳቦ መግዛት ደግሞ ምኑ ነው?» ሊል ይችላል። ይበል። እኔ ግን ያቺ መውጫ ስትቀር ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

ሸዋ ሮቢት ሳለች ገበያ ላይ መደብ ነበራት፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ትቸረችር ነበር። እጇ ሰፊ ስለነበር ደንበኛ አታጣም። ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ገዢው «መርቂልኝ እንጂ» ሲላት ከመደቡ እፍስ አድርጋ ትጨምርለታለች። ካልጠየቃትም ትጨምራለች። «ምርቃት ከልክዬው የሄደ ሰው ቤቴ ድረስ ይከተለኝ ነበር» ትለኝ ነበር፤ ፊቱ ከዓይኗ አይጠፋም ለማለት ነው። ባሏ ሞቶ፣ መደቧን ሸጣ፣ ልጇን ለእህቷ ትታ እዚህ የመጣች ሴት ይህን ልማድ የት ልትጥለው ትችላለች?

የባቃላው ሻጭ ረሺድ የሚባል የባንግላዴሽ ሰው ነበር። ሸዋረጋ ቲማቲሟን አስመዝና ስታበቃ ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርግና «ረሺድ፣ ምርቃት!» ትለዋለች። መጀመሪያ ግራ ገባው። እሷም ወደ ቃሪያው ጠቆመችው፤ እሱም እየሳቀ ሁለት ቃሪያ ጣል አደረገላት። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ምርቃት ማለት የቃሪያ የአማርኛ ስሙ መስሎት ቀረ። ሌላ ሐበሻ ሴት ስትገባ «ምርቃት ፊ! ምርቃት ጠይብ!» እያለ የቃሪያውን ሣጥን ከፍ አድርጎ ያሳያታል። ምርቃት አለ፣ ምርቃቱም ጥሩ ነው ማለቱ ነው። አንዲቱ አዲስ ልጅ የሚመርቃት መስሏት አንገቷን ደፍታ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ቃሪያ አስጨበጣት። እኔና ሸዋረጋ የእርጎው ማቀዝቀዣ ጋ ሄደን በሳቅ ሞትን። ስህተቱን አላረምንለትም፤ ደስ ይለን ስለነበር ተውነው።

ከዚያ የሕንፃው ባለቤት ሱቁን ለሌላ ሥራ ፈለገው፤ ባቃላው ተዘጋ። አሁን የሴቶች ጥፍር የሚሠራበት ነው። ረሺድ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የሸዋረጋ ማዳም ግን ሱቁ ቢዘጋም አልከለከለቻትም፤ ከዋናው መንገድ ማዶ ወዳለው ትልቁ ሱፐርማርኬት ከእኔ ጋር እየሄደች እንድትገዛ ፈቀደችላት። ሸዋረጋ ደስታዋን አልቻለችውም። ሻርፗን ሁለት ጊዜ ቀያይራ ነው የወጣችው።

ሱፐርማርኬቱ እንደምታውቁት ነው። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቲማቲሙ የተደረደረበት ቦታ ሻጭ የለም። ራስህ ትመርጣለህ፣ ራስህ ላስቲክ ውስጥ ትከታለህ፤ ሚዛኑ ጋ የቆመው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይህ ዋጋው ያለበትን ወረቀት ይለጥፍና ይገፋዋል። «እትዬ፣ እዚህ ምርቃት የሚባል ነገር የለም፤ እንዳትጠይቂያቸው» አልኳት። «ኸላስ፣ በቃ ገብቶኛል» አለችኝ። እውነትም ማንንም አልጠየቀችም።

እኔ ዳቦ ልይዝ ሄድኩ። ስመለስ መክፈያው ጋ ጥበቃው የሸዋረጋን ክንድ ይዟል፤ በሌላ እጁ የቲማቲሙን ላስቲክ አንጠልጥሏል። ከቲማቲሙ በላይ ሁለት ቃሪያ አለ። አስመዝና ካበቃች በኋላ፣ በቃሪያው በኩል ስታልፍ ጣል ያደረገችው ነው። እጇ ያደገበትን ነው የሠራው። አስባበት እንዳልሆነ ከፊቷ ያስታውቃል፤ አሁንም ፈገግ እንዳለች ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት በተሰባበረ ዓረብኛ።

«ምርቃት» አለችው። አልገባውም። ዓረብኛውን ፈለገች፤ አገኘሁት ብላ ፊቷ በራ። «በረካ! በረካ!»

«በረካውን ማን ሰጠሽ?»

ሸዋረጋ ዞር ብላ ቲማቲሙ ወዳለበት አየች። እዚያ ማንም አልነበረም። ያኔ ፈገግታዋ ጠፋ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አና» አለች። እኔ ነኝ ማለቷ ነው።

ሮጬ ደረስኩ። ያገራችን ልማድ ነው፣ ሻጭ ከሸጠ በኋላ ይጨምራል፣ እሷም ሻጭ ስታጣ ነው፣ እያልኩ ባለኝ ዓረብኛ ሁሉ ለፈለፍኩ። አፌን ሰምቼ ራሴን ታዘብኩት፤ ሌብነት የማስተምር ነበር የምመስለው። ጥበቃው እንደኛው ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ካሜራው እሱንም ያየዋል፤ አለቃውን ይፈራል። አለቃው መጣ። የኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ፎቶ በስልኩ አነሳ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያያታል። ለሁለት ቃሪያ! ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ከአህያ እግር ሥር የሚለቀም ቃሪያ!

ማዳሟን ጠሯት። መጣች፤ አልጮኸችም። ክፉ ብትሆን በተሻለኝ፤ እሷን እየረገምኩ እገላገል ነበር። ይቅርታ ጠየቀች፣ ከፈለች፣ ሸዋረጋን መኪና ውስጥ አስገባቻት። በኋላ ሸዋረጋ በስልክ እንደነገረችኝ፣ መኪናው ውስጥ ያለቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቃሪያ አምሮሽ ከነበረ ለምን አልነገርሽኝም? ቤታችን ውስጥ ምን ጎደለብሽ?» ሸዋረጋን ከጥበቃው እጅ ይልቅ ይህ ነው የገደላት። ለሰው ስታፍስ የኖረች ሴት ሁለት ቃሪያ ያማራት ርሃብተኛ ተባለች።

የማዳሟ ባል፣ ባባ የሚሉት፣ ደግሞ ወሰነ። ፖሊስ ጋ ያልደረሰው በአላህ ቸርነት ነው፣ ሁለተኛ አይሞከርም፣ ለራሷም ደህንነት ነው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቤዛው በስልክ እየታዘዘ በሞተር ይመጣል። ሸዋረጋ የግቢውን በር የምትከፍተው ላስቲኩን ለመቀበል ብቻ ሆነ። እኔ ሰገነት ላይ ልብስ ሳሰጣ አያታለሁ፤ በሩን ገርበብ አድርጋ እጇን ታወጣለች፣ ትቀበላለች፣ ትዘጋለች። ፊቷ አይታይም።

መጀመሪያ ሰሞን በስልክ ድምፅ ትልክልኝ ነበር፤ «ዘምዬ፣ ዛሬ የላኩት ቲማቲም ለከብት አይሰጥም» እያለች ትቀልዳለች። ቆይታ «ደህና ነኝ» ብቻ ማለት ጀመረች። ከዚያ እሱም ቀረ። ስደውልላት አታነሳም። ልጇ ከአገር ቤት እኔ ጋ ደውላ «እማዬ ታማለች እንዴ?» አለችኝ። አልታመመችም አልኳት። ምን ልበላት?

የኔዋ ማዳም አሮጊት ናት፤ ቆዳዋ እንጂ ልቧ አልደረቀም። እግሯን እያሸሁ ለመንኳት። ዒድ እንዳለፈ ለጎረቤቷ ደወለችላት፤ ተነጋገሩ፤ ተሳሳቁ። ስልኩን ዘግታ «ኸላስ፣ ከነገ ጀምሮ አብራችሁ ሂዱ» አለችኝ። ጉልበቷን ስሜ ልሞት!

በማግስቱ የበሩን ደወል ደወልኩ። ሸዋረጋ ከፈተች። ከስታለች፤ ከሻርፗ ሥር የሚታየው ፀጉር ሸብቷል።

«እትዬ፣ ያላ! ተፈቀደልሽ እኮ! አልነገሩሽም?»

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ ጫማሽን አድርጊና ነይ!»

«አንቺ ሂጂ ዘምዬ። እኔ አልወጣም።»

የቀለደች መስሎኝ ነበር። «ረስተውታል እኮ» አልኳት፤ «ያ ጥበቃም ተቀይሯል፤ ማን ያስታውስሻል?»

«እነሱ ይርሱት» አለችኝ። የተኛ ሰው እንዳይሰማት የምታወራ ትመስላለች። «እኔ እጄን አላምነውም። ዕቃ አጥቤ ስጨርስ ማንኪያ ይዤ የሄድኩ ይመስለኛል፤ ኪሴን እፈትሻለሁ። ደግሞ ተመልሼ እቆጥራለሁ። የልጆቹን ክፍል ላጸዳ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው የምገባው። ሌባ አይደለሁም እላለሁ ለራሴ። እንዲህ እያልኩ እጄን አየዋለሁ። ይኼ እጅ ሳይነግረኝ ነገር ሠርቶ የለም እንዴ?»

«አንቺ ሌባ አይደለሽም!» ብዬ ጮህኩ። መንገዱ ላይ ያለ ሾፌር ዞሮ አየን። እጇን ልይዛት ዘረጋሁ። ሰብስባ ሽርጧ ሥር ከተተችው።

«ሂጂ፣ ይመሽብሻል» አለችኝ። ገና ፀሐይ ነበር።

በሩን ዘጋችው። ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ሰማሁ፤ ከዚያም ደርባ ስትቆልፈው።