የመምሬ ገብረ አማኑኤል ስልክ

መምሬ ገብረ አማኑኤል ከደሃና መጥተው ሰቆጣ ላይ መቀደስ ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ዛሬ የንስሐ ልጆቻቸው ግማሹ ዐረብ አገር ናቸው። በስልክ ይመክሯቸዋል፣ ይጸልዩላቸዋል፤ ንስሐ ግን በስልክ አልቀበልም ብለው ኖረዋል። አምና ከነዚሁ አንዷ፣ እታገኝ፣ ሪያድ ላይ በጠና ታማ ሳልናዘዝ ልሞት ነው ስትላቸው ግን ሆዳቸው አልቻለም፤ ተቀበሏት። ደግነቱ ዳነች።

ከወር በኋላ አንድ የጸጥታ ሹም አስጠራቸው። ከታጣቂዎች ጋር እነማን እንደሚገናኙ ከንስሐ ልጆችህ ሰምተሃል፣ ተናገር አላቸው። ሽማግሌውን ቄስ አንተ እያለ! እንቢ አሉት። ከመሳቢያው ወረቀት አወጣና የእታገኝን ኑዛዜ ከአፏ እንደወጣ አነበበላቸው። በየትኛው ዳኛ ትእዛዝ እንደሰማ ጠየቁት።

«ስልክ ለመስማት ዳኛ አንለምንም» አላቸው።

እኔ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍሁ የምኖር ሰው ነኝ። ሕገ መንግሥቱ የሰው ስልክ አይደፈርም እንደሚል ስንት ጊዜ በእጄ ጽፌዋለሁ። አንድ ሰው ወንበር ስላገኘ ብቻ ሕጉም ዳኛውም እሱ ይሆናል? መምሬ ይህን ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ነገሩ ከዚያ ቢሮ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእታገኝ ኃጢአት በጠላ ቤቱም በባጃጁም ተወራ። ምን እንደነበረ እኔ አልጽፈውም። አገሩ ሁሉ ቄሱ አወጡባት አለ፤ ሌላ ማን ያውቃል? መምሬ ስልኬን ጠልፈው ነው እንዳይሉ፣ ኑዛዜው እውነት ነው ማለታቸው ይሆናል። ዝም አሉ። የእታገኝ እናት፣ የሻሽወርቅ፣ መምሬ መስቀል ቢዘረጉላት ፊቷን አዙራ አለፈች።

ማን ሰማ፣ በማን ትእዛዝ ብዬ ለጸጥታ ቢሮው በመምሬ ስም ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ጻፍሁላቸው። ማመልከቻው ላይ የልጅቷን ስም እንዳላነሳ አስምለውኛል። እንዲህ ያለ ጉዳይ አናውቅም የሚል መልስ መጣ።

ሐሙስ ዕለት እኔ ዘንድ ተቀምጠው ሳለ እታገኝ ደወለች። የባጃጁ ጩኸት አላሰማ ስላላቸው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አባ፣ ከእግዚአብሔርና ከእርስዎ በቀር ማን ሰማኝ?»

«ስልኩን የሚሰሙ አሉ ልጄ። በስልክ መቀበሌ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።»



«አሁንም እየሰሙን ነው?»

«እየሰሙን ነው ልጄ።»

ሳትሰናበታቸው ዘጋችው። መልሰው ቢደውሉ አታነሳም። በዚህ ሁሉ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቁ እሳቸው ብቻ ናቸው።