የባለጎራዴዋ መርዶ

ባሕር ከማየቴ በፊት ባሕርን ለሰው ተርጉሜያለሁ። በክረምት ጧት ከቀበና ቀና ብዬ ሳይ እንጦጦ በጉም ይዋጥና የዛፎቹ ጫፍ ብቻ ከላይ ይቀራል። እሱን እያሰብኩ፣ "ባሕር ማለት እንደዚያ ነው፤ መርከብ ደግሞ በጉሙ ላይ የሚሄድ ቤት" አልኳቸው ለአክስቴ።

"ቤቱ አይሰጥምም?"

"አይሰጥምም፣ እትዬ።"

"እግዜር ያውቃል" አሉና እንዝርታቸውን አሾሩ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ነበሩ፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ጥላና ብርሃን ከመለየት በቀር አያዩም፤ ጥጥ ግን ከሚያይ ሰው አቅጥነው ይፈትሉ ነበር። የፈተሉትን ልቃቂት በትልቅ ቅርጫት ያጠራቅሙታል እንጂ ለሸማኔ አይሰጡም። "ለማን ነው?" ስላቸው "ለባለቤቱ" ይሉኛል፤ ሌላ ቃል የለም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የዕለቱን ዳዊት አነብላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ከደጃፉ እስክትሸሽ ድረስ ጊዜው የእኛ ነው። ያኔ የማነብላቸውን ሌላ መጽሐፍ ያዋሰችኝ ከሰሜን ባሕር አገር የመጣች አስተማሪያችን ናት። በአገሯ ከጥንት ጀምሮ በአፍ ሲወርዱ ከኖሩ የጀግኖች ታሪኮች የተቀዳ ልብ ወለድ ነው አለችኝ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ጎራዴ ታጥቃ በመርከብ ስለምትዘምት ሴት። ዓለማዊ መጽሐፍ ከዳዊቱ አጠገብ ማስቀመጡ ከብዶኝ አክስቴን አስቀድሜ ጠየቅኋቸው።

"የጦር ወሬ ኃጢአት ከሆነ ዳዊትስ ጎልያድን በምን ገደለው? በምርቃት ነው?" አሉኝ።

እንዲህ ተጀመረ። እኔ በእንግሊዝኛ አያለሁ፣ በአማርኛ እናገራለሁ፤ እሳቸው ይፈትላሉ። ከካራ ወተትና ቅቤ የምታመጣልን ሴትም ባዶ ቅሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መቆየት ጀመረች። ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እንደ ልቧ የምትመላለስ፣ ሳቋ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን አቋረጠችኝ።

"ቆይ እስቲ፣ ይቺ ባለጎራዴ ስትዘምት ላሟን ማን ያልብላታል?"

"መጽሐፉ ላይ የለም።"

"እንግዲያው የጻፈው ወንድ ነው!"

ከዚያ ወዲህ የጀግናይቱን ስም የጠራ የለም፤ ባለጎራዴዋ ሆና ቀረች። በመጽሐፉ ባለጎራዴዋ በብዙ አማልክት የምትምል አረመኔ ናት። እኔ ግን ነገሩ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ "በአምላኳ ማለች" እያልኩ አልፍ ነበር። ሁለቱም እንደኛው ክርስቲያን ናት ብለው ተቀበሏት። አክስቴ አንድ ዓርብ "መርከቡ ላይ ምን ትበላለች?" ብለው "ዓሣ" ስላቸው፣ ጥቂት አሰቡና "ዓሣማ ያከራክራል፤ መንገደኛ ናት፣ ይቅር ይላታል" አሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ባለጎራዴዋ ጎራዴዋን የምትመዘው በግራ እጇ መሆኑን አነበብኩ። እንዝርቱ ቆመ።

"በግራ ነው ያልሽው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንደ ልጅቱ" አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቱ ታናሽ እኅታቸው ናት። በጠላት ጊዜ የባሏን ጠመንጃ አንግታ ከየካ ተራራ ማዶ ጫካ ገብታ ቀርታለች። አርበኞቹ ሲመለሱ በዚህ አየኋት፣ በዚያ አጣኋት ያለ እንጂ መሞቷን ያረጋገጠ አልተገኘም። መርዶ ያልመጣለት ሰው ደግሞ አይለቀስለትም። ሕያው ሊሆን ይችላልና በሕያው ላይ ማልቀስ ማሟረት ነው። ስለዚህ አክስቴ አላለቀሱም፤ ፈተሉ። ቅርጫቱ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄያቸው ሁሉ ሌላ ሆነ። በርዷት ይሆን? ጠጕሯን ማን ይሠራታል? ስታኰርፍ ከንፈሯን ትነክሳለች? ያልተጻፈውን "አላውቅም" እላለሁ፤ እሳቸው ግን የሚያውቁ ይመስል ፈገግ ይላሉ። ጉሙ በደጃችን ሲያልፍ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ይቆያሉ፤ እኔም ሳላስበው መርከቡን በባሕር ዛፎቹ መካከል እፈልገዋለሁ።

የመጽሐፉን መጨረሻ ብቻዬን አስቀድሜ አነበብኩት። ባለጎራዴዋ ትሞታለች። ጓደኞቿ ተሸንፈው በመርከብ ሲሸሹ እሷ በዳርቻው ላይ ትቀራለች፤ በረዶ ይሸፍናታል፣ የሚቀብራት የለም።

ይህን ለአክስቴ እንዴት ልንገራቸው? ሞተች ካልኩ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያልፈሰሰው እንባ በእኔ አፍ ሊፈስ ነው። ዳነች ብል ደግሞ ውሸት ነው፤ ከዳዊት በኋላ ውሸት አይነበብም። በመጽሐፉ የሌለ ማዕበል እያስነሣሁ መርከቡን መንገድ ላይ አቆየሁት።

"ይኸ ማዕበል አይበርድም እንዴ?" አሉ አክስቴ በመጨረሻው።

በማግስቱ ባለወተቷን ቀበና ድልድይ ላይ ጠብቄ ነገርኳት።

"ያ ዋቃዮ!" ብላ ደረቷን መታች። "ባለጎራዴዋ ሞተች?" ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ቀጥሎ ተቆጣችኝ። "ታዲያ ይኸ በልጅ አፍ፣ በጠራራ ፀሐይ ይነገራል? መርዶ እኮ ነው! በጧት ነው፣ ትልቅ ሰው ይዞ ነው።"

"መጽሐፍ እኮ ነው።"

"ለአንቺ ነዋ መጽሐፍ። ለሳቸው ማን እንደሆነች አጥተሽው ነው?"

ይዛኝ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣች። የአክስቴ የንስሐ አባት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ በዛፎቹ መካከል ይኖራሉ። ነገሩን ከጥንቱ መርከብ እስከ በረዶው ነገርኳቸው። ስጨርስ ይሥቃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሣቁም። "ነገ ማለዳ እመጣለሁ። ጎረቤት ጥሩ" አሉ።

በማግስቱ ጉሙ እስከ ቀበና ወርዶ ነበር። ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢው ውስጥ ቆሙ፤ ለማን እንደሆነ አጥርቶ የጠየቀ የለም። ባለወተቷ ቅሏን ሳትይዝ መጣች። አክስቴ ኮቴውን ከውስጥ ሰምተው፣ "በዚህ ሰዓት ይኸን ያህል ሰው ለደግ አይመጣም" አሉ።

አባ ገብተው መስቀላቸውን አሳለሟቸው።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ያች ሴት ዐርፋለች።"

"የትኛዋ ሴት፣ አባቴ?"

አባ ወደ ባለወተቷ ዞር አሉ። ባለወተቷ፣ "ባለጎራዴዋ፣ እሜቴ" አለች በሹክሹክታ።

አክስቴ እንዝርቱን በእጃቸው ዳብሰው አገኙና ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጡት። ወደ እኔ ዞሩ።

"የቀበራት አለ?"

"የለም፣ እትዬ። በረዶ ነው የሸፈናት።"

"ብቻዋን?"

"ብቻዋን።"

ያን ጊዜ አለቀሱ። እኅቴ፣ እኅቴ እያሉ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፤ ግቢው አብሮ አለቀሰ። የባለጎራዴዋ ልቅሶ የት አልቆ የልጅቱ የት እንደ ጀመረ ለመለየት የሞከረ ሰው አልነበረም። ሲበርድላቸው ውኃ ጠጡ።

አባ፣ "ፍትሐት እናደርሳለን" አሉ። "የክርስትና ስሟን ንገሪኝ።"

ባለወተቷ እኔን አየችኝ። የመጽሐፉ ሴት አልተጠመቀችማ! አክስቴ ግን ወደ አባ ጠጋ አሉና ሳይዘገዩ በጆሯቸው ነገሯቸው።

ቅርጫቱ በዚያው ሳምንት ወደ ሸማኔ ሄደ። የወጣው ሸማ ሰፊና ለስላሳ ነበር፤ ለኪዳነ ምሕረት መጋረጃ ይሁን ብለው ሰጡት። መጽሐፉን ስመልስ አስተማሪያችን አክስቴ መጨረሻውን እንዴት እንዳገኙት ጠየቀችኝ። "አለቀሱ" አልኳት። "እንግዲያው ጥሩ መጽሐፍ ነው" አለች ደስ ብሏት።

ዛሬ የምኖረው በእሷ አገር ነው። ለነርስነት ትምህርት መጥቼ ሥራው አስቀረኝ። በከተማው አንድ አዳራሽ ውስጥ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የጥንት መርከብ አለ፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ አንገቱን ያቀና። ከሥራ በምፈታበት ቀን ሄጄ ከፊቱ እቆማለሁ። በመስኮቱ በረዶው ሲወርድ አዳራሹ ጉም ይመስላል፤ መርከቡም የሚሄድ፣ እኔም ቀበና ደጃችን ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ያኔ አቡነ ዘበሰማያት እደግምና ያን ስም እጠራለሁ፤ አክስቴ ሊያርፉ ሲሉ ለእኔም በጆሮዬ ነግረውኛል። እዚህ አልጽፈውም። የክርስትና ስም ለመንገደኛ አይሰጥም፤ ለባለጎራዴዋ ግን አክስቴ የእኅታቸውን ሰጥተዋታል።