ደጃፍ ላይ የበላሁት ቁርስ

ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ ሰፈር እንኖር በነበረ ጊዜ፣ ሴት ልጄን ኩፍኝ ያዛት። ሰባት ወሯ ነበር። ከእሷ በፊት አንድ ልጅ ቀብሬ ነበርና ከአጠገቧ መነሣት እንኳ እፈራ ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ ዳነች። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ እንቅልፉን ይተኛል። እኔ ግን እግዚአብሔር ልጅቱን በስሕተት የተወልኝ ይመስል፣ ሐሳቡን ሳይቀይር ደስ ላሰኘው ተነሣሁ።

መስከረም ሃያ ስድስት የጽጌ ጾም ገባ። የፈቃድ ጾም ነው፤ የምታጠባ ሴትማ ማንም አያስገድዳትም። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ሦስት ክፍል በመማሬ ከሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሕግ የማውቀው እኔ ይመስለኝ ነበር። ሕጉን አውቄ ከሕጉ በላይ ልሆን፣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳልቀምስ መዋል ጀመርሁ።

ከጎረቤቴ ከእትዬ ጋር አጥር ብቻ ነበር የሚለየን። እትዬ በጾም የታወቁ አሮጊት ናቸው። ጠዋት ብቅ ሲሉ ከሰላምታ በፊት አፌን ያያሉ።

«ከንፈርሽ ወዝ አለው፣ ልጄ።»

«ፊቴን ታጥቤ ነው፣ እትዬ።»

«እንጃ። የእኔማ ተሰነጣጥቋል፤ ተመልከችው።»

እመለከታለሁ። እውነትም ተሰነጣጥቋል። ቀናሁ። በማግስቱ ፊቴን ሳልታጠብ ወጣሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ጡቴ ነጠፈ። ልጅቱ ስባ ስባ ታጣና ታለቅሳለች። ሌላ ሴት ይህን ስታይ ትበላለች። እኔ ጾሙ ለእግዚአብሔር አልበቃው ብሎ ነው ብዬ አርባ ስግደት ጨመርሁ። ልጅቱ ሲብስባት ስልሳ አደረግሁት።

አንድ ረፋድ የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩልን መጡ። የልጅቱ ድምፅ ሰልሎ የድመት ግልገል ድምፅ መስሎ ነበር።

«ምን ሆናለች?»

«እግዚአብሔር አልታረቀኝም መሰለኝ፣ አባ።»

«አንቺ መቼ ነው የበላሽው?»

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ቀምሻለሁ። ስላዳነልኝ ምስጋና ነው።»

«ምስጋና ከሆነ ፊትሽ ለምን ጭቃ ሹም ለግብር ደጁ እንደቆመበት ሰው ሆነ? እሱ አዳናት፤ አንቺ በምስጋና ልትገድያት ነው። በይ እንጀራ አምጪና እያየሁሽ ብዪ።»

እያለቀስሁ በላሁ። አፌን ሳልጠርግ ቀኖና ስጡኝ አልኋቸው፤ ከባድ እንዲሆንልኝ ነበር የፈለግሁት። ከባድ ሰጡኝ። ጾሙ እስኪፈታ በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ፣ መንገደኛ እያየኝ ቁርስ እንድበላ አዘዙኝ።

«ጓዳ ብበላስ፣ አባ?»

«ጓዳ የሚያይሽ እግዚአብሔር ብቻ ነው። አንቺ የምትፈሪው እሱን ብቻ አይደለም።»

«በልቼስ ስንት ጊዜ ተመስገን ልበል?»

«አንድ ጊዜ። ግን ጠግበሽ።»

ስልሳው ስግደት እንደዚያ ቁርስ አላደከመኝም። እትዬ አጥሩን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ጉርሻ ያዩኛል። «ዛሬስ የእውነት ወዝ ነው፣» አሉ አንድ ቀን፣ ሰፈሩ እንዲሰማ አድርገው። ሳምንት ሳይሞላ ግን ወተቴ ተመለሰ፤ ልጅቱም ጠግባ ታገሳ ጀመር። አንድ ጠዋት ተመስገን ስል ቃሉ ያለ ፍርሃት ከአፌ ወጣ። ራሴም ደነገጥሁ።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከአጥሩ ማዶ ሌላ ሕፃን ያለቅስ ጀመር። የእትዬ ምራት በሰኔ የወለደችው ነው፤ አማቷ ፊት መብላት ፈርታ እሷም ዘጠኝ ሰዓት ትጠብቃለች። በሦስተኛው ቀን እትዬ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልለው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው እንደ ደረቀ ነው፤ ዓይናቸው ግን መሬት መሬት ያያል።

«ወተት ተርፎሽ እንደሆነ ብዬ…»

ስለ ወዝ አንድ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥሁት፤ በዚያ ጾም ከዋጥሁት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነበር። ልጁን ተቀብዬ አጠባሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ ስግደትም አልቆጠርሁበት።

«ምራትዎንም ነገ ጠዋት ይላኩልኝ፣ እትዬ፤ ደጃፉ ለሁለት ይበቃል።»

በማግስቱ በሦስት ሰዓት መጣች። እትዬም ተከትለዋት መጡ፤ ልጁን ልያዝላት ብዬ ነው አሉ። ሁለታችን በልተን ስንነሣ፣ እንጀራው በእሳቸው በኩልም ጎድሎ ነበር። ከንፈራቸውን አላየሁም።